150 እና 50 ተደምረው ለምን 15050 ሆኑ? ከተጠቃሚ የተቀበሉትን በቫሪያብል ስለማስቀመጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከተጠቃሚው ሁለት የመዋጮ መጠን ተቀብለሽ ስትደምሪ 150 እና 50 ውጤታቸው 15050 ሆነብሽ። ወደ ሙሉ ቁጥር በሚቀይረው ኢንት ስታስተካክዪው ደግሞ አንድ ሰው «200 ብር» ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ተቋረጠ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ «ኢንት ጨምሪበት» ብለው አልፈዋል፤ ልክ ናቸው፣ ግን ሁለተኛውን ጥያቄሽን አልነኩትም። እኔ ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መመዝገቢያ ጽፌ ገንዘብ ያዡ ሲገለገሉበት ለዓመታት ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የፓይተንን ትእዛዞች እዚህ በድምፃቸው እጠራቸዋለሁ።

ኢንፑት የሚባለው መቀበያ ትእዛዝ ተጠቃሚው ኢንተርን እስኪጫን ይጠብቅና የተጻፈውን ሁሉ በጽሑፍነቱ ይመልስልሻል። 150 ብለሽ ብትጽፊም የሚመጣልሽ አንድ፣ አምስትና ዜሮ የሚባሉ ሦስት ምልክቶች ናቸው። የመደመር ምልክት በጽሑፍ መካከል ሲገባ ደግሞ ሥራው መቀጠል ስለሆነ 15050 ሆነ። አሮጌ ትምህርት እየተከተልሽ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፤ በፓይተን 2 ኢንፑት የተጻፈውን እንደ ኮድ ያስኬደው ስለነበር ቁጥር በእርግጥም ቁጥር ሆኖ ይመጣ ነበር። አደገኛ አሠራር ነበር፤ በፓይተን 3 ቀርቷል፤ ፓይተን 2 ራሱም ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ድጋፍ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ መጻሕፍት ኢንፑትን በኢንት ቅንፍ ውስጥ ከትተው በአንድ መስመር ይጨርሱታል። እኔ አልወደውም። ቅየራው ሲከሽፍ ተጠቃሚው የጻፈው ነገር በየትኛውም ቫሪያብል (ዋጋ በስም የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ስለማይቀመጥ ምን ብሎ እንደጻፈ መልሰሽ ልታሳዪው አትችዪም። ሁለት ቫሪያብል ያዢ፦ አንዱ የተጻፈውን እንዳለ የሚይዝ፣ ሌላው የተቀየረውን የሚይዝ። ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ የቫሪያብል ስም ስለሚቀበል «የተጻፈው» እና «መዋጮ» ብትያቸውም ይሠራል። ቅየራውን «ሞክር» በሚለው ትራይ ውስጥ አድርጊ፤ ሙከራው ሲከሽፍ በሚሠራው ኤክሴፕት ላይ ቫልዩኤረር የሚለውን (የማይቀየር ዋጋ ሲመጣ የሚነሳውን ስህተት) ብቻ ያዢ፤ ሁሉንም ሥራ በሚደጋግመው ዋይል ሉፕ ክበቢው። ሲከሽፍ «200 ብር ብለው ጽፈዋል፤ እባክዎ ቁጥሩን ብቻ ያስገቡ» በዪና ደግመሽ ጠይቂ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ «ስህተት» የሚል ባዶ መልእክት ሲያዩ ኮምፒውተሩን ዘግተው ወደ መዝገባቸው ይመለሱ ነበር፤ የጻፉትን መልሼ ማሳየት ስጀምር ግን ራሳቸው ያርሙት ጀመር። ኤክሴፕትን ያለ ስም ባዶውን ካስቀመጥሽው ፕሮግራሙን ለማቆም የምትጫኚውን ኮንትሮል ሲ ጭምር ይውጠዋል፤ ከሉፑ መውጫ ታጫለሽ።

ኢንት በቁጥሩ ግራና ቀኝ ያለ ክፍት ቦታን ችሎ ያልፋል። 1,500 ላይ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ግን አይቀበልም፤ አስቀድመሽ አጥፊያት። 12.50 የሚል ሰው ካለ ደግሞ የነጥብ ቁጥር መያዣውን ፍሎት አትጠቀሚ፤ በፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሰጣሉ። ገንዘብን ወይ በሳንቲም በሙሉ ቁጥር፣ ወይ የነጥብ ቁጥርን በትክክል በሚይዘው ዴሲማል ያዢ።

ቁጥር የሚመስል ሁሉ ቁጥር አይደረግም። በ09 የሚጀምር ስልክ ወደ ኢንት ቢቀየር ዜሮው ይጠፋል። ስልክ ከስልክ ጋር የሚደምር ስለሌለ በጽሑፍነቱ ይቆይ።

የእኛን ተጠቃሚዎች በተመለከተ በውጭ ትምህርቶች የማታገኚው ነገር አለ። አንድ ወንድማችን «በመጀመሪያ በኢዝዲጂት ፈትሺ» ብሎሻል፤ ኢዝዲጂት ጽሑፉ አሃዝ ብቻ መሆኑን የሚፈትሽ ነው። ሰውየው ፭ ብሎ በግእዝ ቁጥር ቢጽፍ ኢዝዲጂት «አዎ፣ አሃዝ ነው» ይላል፤ ኢንት ግን አልቀበልም ብሎ ይቋረጣል። ፲ ሲሆን ደግሞ ኢዝዲጂት ራሱ አይቀበለውም። የግድ መፈተሽ ካለብሽ ኢንት የሚቀበላቸውን አሃዞች ብቻ የሚያሳልፈውን ኢዝዴሲማልን ተጠቀሚ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከላይ ያልኩሽ ትራይ ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ የጻፈውን በአንድ ቫሪያብል እንዳለ አኑሪ፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቫሪያብል ፍጠሪና በእሱ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው ቀይሪ። ሃ፣ ሓ እና ኃንም ከሀ ጋር አንድ ማድረግ እንዳትረሺ። የመጀመሪያውን ግን በፍጹም አትንኪው፤ ሰው ስሙ ተለውጦ ደረሰኝ ላይ ሲያየው ይቆጣል፣ ልክም ነው። ደግሞም የጽሑፍን ግራና ቀኝ የሚያጸዳው ስትሪፕ ክፍት ቦታን እንጂ ሁለት ነጥብን (፡) አያነሳም፤ ለብቻው አውጪው።

የልደት ቀን ከጠየቅሽ «ወር ከ1 እስከ 12» የሚል ፍተሻ ጳጉሜን የተወለደውን ያባርራል። ዓመተ ምሕረቱ የትኛው እንደሆነ በጥያቄው ላይ ጻፊ፤ 1990 በእኛ አቆጣጠርና በአውሮፓውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይራራቃል፣ ከቁጥሩ ብቻ ደግሞ መለየት አይቻልም። የተመረጠውን አቆጣጠር የሚይዝ የራሱ ቫሪያብል ይኑርሽ።

ከጥያቄሽ ሥር «በጃቫ ስሙን ሳይጠይቀኝ ያልፋል» ያለው ልጅ ችግሩ ሌላ ነው። በጃቫ (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ቁጥር የሚቀበለው ኔክስትኢንት ቁጥሩን ወስዶ ኢንተር የተጫነበትን የመስመር መጨረሻ እዚያው ይተወዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉ መስመር ተቀባዩ ኔክስትላይን ያንን ያገኝና ባዶ ጽሑፍ ይዞ ይመለሳል። ሁሉንም በኔክስትላይን ተቀብሎ ቁጥሩን ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር በሚለውጠው ፓርስኢንት ይቀይር። ፓርስኢንት እንደ ፓይተኑ ኢንት ክፍት ቦታ ስለማይታገስ በፊት ክፍት ቦታውን በትሪም ያጽዳው።