የላንድክሩዘር ሞዴል የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለጠየቅከው ወንድሜ

«የ79 ፒካፕ ሞዴሌ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ገባ ብሎ ታየኝ፣ አክስሉን ላስረዝመው?» ብለህ ጠይቀሃል። በፈጠረህ እንዳትነካው! ልክ ነው።

አንተም እንደኔ 1/24፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ያነሰ ሞዴል፣ እየሠራህ ይመስለኛል። ኮፈኑ ላይ የአየር ማስገቢያው ጉብታ ካለ ብዙውን ጊዜ የቪ8 ናፍጣው ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2007 ያንን 4.5 ሊትር ሞተር ሲገጥምለት ፊቱን አሰፋው፣ ኋላውን ግን ተወው። ከጎማ መሀል እስከ ጎማ መሀል ፊቱ 1515 ሚሊ ሜትር፣ ኋላው 1420 ነው። ለ24 ስታካፍለው 63.1 እና 59.2 ይመጣል። በየጎኑ 2 ሚሊ ገባ ማለት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ባለመኪኖቹ ራሳቸው የኋላውን ለማስፋት ብር ያፈሳሉ፤ አሸዋ ላይ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልማ።

1. ቶርኖ ቤት ከሄድክ አጠገቡ ቁም። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚሆን ሁለት የነሐስ ዘንግ ከነልኩ በወረቀት ስዬ ሰጠሁ። ስመለስ ሰውየው ሁለቱንም እኩል ቆርጦ ጠበቀኝ። ያውም በአጭሩ! «ተሳስተህ መስሎኝ አስተካከልኩልህ» አለ። ነሐሱ ከአዲስ አበባ በሰው የመጣ ነበር። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፣ ሒሳቡን ግን አልረሳም። «ኋላውና ፊቱ የማይተካከል መኪና የት አይተሃል?» ብሎ ሰው ሰብስቦ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ።

2. እውነተኛውን መኪና ለካ፣ ግን መሥሪያ ቤት ግቢ እንዳትሞክር። ጥበቃው መታወቂያዬን ያዘ፣ ኃላፊው «ደብዳቤ አስገባ» አለኝ። ለጎማ ስፋት ደብዳቤ! የተሳካልኝ ጎሚስታ ጋ ነው። ጣርማበርን ወጥቶ የመጣ ባለጉብታ ፒካፕ ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ፣ እግዜር ይስጠው፣ የሜትሩን ጫፍ ራሱ ያዘልኝ። መሀሉን በዓይን አትገምት። ጎማው መሬት በነካበት ከግራው ውጭኛ ጠርዝና ከቀኙ ውስጠኛ ጠርዝ ሥር በጠመኔ አስምር፣ መኪናው ሲሄድልህ በመስመሮቹ መካከል ለካ። ያው ከመሀል መሀል ነው። ቁጥሩ ሲገጥም ወደ ቶርኖ ቤቱ ተመልሼ ሜትሩን ላሳየው ምንም አልቀረኝም።

3. የጎማውንም ውፍረት እይ። 225 ሚሊ ውፍረት ያለው የእውነተኛ መኪና ጎማ በ1/24 ወደ 9.4 ሚሊ ነው። ከሞዴሉ መገጣጠሚያ ኪት ጋር የመጣው 12 ከሆነ አክስልህ ልክ ሆኖም ጎማው ከፓራፋንጎው ይወጣል። ብዙ ሰው ያኔ አክስሉን ያሳጥራል። ጎማውን ቀይር እንጂ አክስሉ ምን አደረገ?

የኔን ሞዴል ያየ ሁሉ አሁንም «ኋላው ጠቧል» ይለኛል። ይበል። ያንተ ኮፈን ላይ ጉብታው ከሌለ ግን እነዚህን ቁጥሮች እንዳትወስድ፤ የፊቱን ፎቶ ለጥፍና እንየው።