ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጎን ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ

ጥያቄ፦ እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ 50 ኪሎ። ትልቁ አንጀቷ ላይ ላለው ዕጢ ሆዷ ከእምብርቷ በላይም በታችም ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። የሰመመን ባለሙያው ለሕመሙ ግራና ቀኝ ጎኗን እንደሚወጋት ነግሮናል። አክስቴ «የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል» ብላ ፈርታለች። ነገሩ አንድ ነው? ሕመሙንስ ያጠፋዋል?

መልስ፦ አንድ አይደለም። አክስትዎ የሚሉት ኤፒዱራል፣ ማለትም ጀርባ ላይ አከርካሪ አጠገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው፤ በእሱም ቢሆን ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። የጎኑ መርፌ ግን አከርካሪ አጠገብ አይደርስም። የሆድን ጎን የሚሸፍኑት ጡንቻዎች ሦስት ንብርብር ናቸው፤ ነርቮቹ የሚያልፉት በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ነው። ባለሙያው በአልትራሳውንድ እያየ መድኃኒቱን እዚያ ይለቃል። ንብርብሮቹ ተላቀው መሃላቸው ጥቁር ፈሳሽ ከታየ ቦታው ትክክል ነው። ጡንቻው ራሱ ካበጠ ግን መርፌው ስቷል፤ መስተካከል አለበት።

ከዳሌ አጥንት በላይ ጎን ላይ የሚሰጠው በደንብ የሚሠራው ከእምብርት በታች ነው። የእናትዎ ቁስል ወደ ላይም ስለሚወጣ ከጎድን አጥንት ሥርም መወጋት ያስፈልግ እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁት።

መጠኑ ቀልድ አያውቅም። ቡፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣ በ0.25 በመቶ ጥንካሬ በየጎኑ 20 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ 100 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ብለን ካሰላን ለ50 ኪሎ ሰው ጣሪያው ይኸው ነው። አራት ቦታ ከተወጋ መድኃኒቱ ይቀጥናል እንጂ አይጨመርም። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የሚወጋውም አብሮ ይቆጠራል። ከበዛ የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ከዚያም መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያመጣል። በሙሉ ሰመመን ያለ ሰው የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ሊናገር ስለማይችል ማርከሻው፣ 20 በመቶው የስብ ፈሳሽ፣ እዚያው መቀመጥ አለበት።

ሕመሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሚያደነዝዘው የሆድን ግድግዳ ነው፤ ከውስጥ የሚመጣው የአንጀት ቁርጠት ይቀራል። አንድ ጊዜ የተሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ቀን ገደማ ይለቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ማታ «ደህና ናት» ተብሎ ፓራሲታሞሉ ይዘለልና ሌሊት ሕመሙ ባንዴ ይነሳል። ጉበቷ ጤነኛ ከሆነ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ከመጀመሪያው ሰዓት አንስቶ ይሰጣት፤ ካልበቃት ሐኪሙ ያዘዘው ሞርፊን ወይም ትራማዶል ይታከላል።

መጀመሪያ ስትነሳም ሰው ይደግፋት፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ወደ ታፋ ነርቭ ወርዶ ጉልበትን ያከዳል። ሕመሙ እየባሰ ሆዷ ከጠነከረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ልቧ በፍጥነት ከመታ ማደንዘዣው ስለለቀቀ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የተሰፋው አንጀት አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ ወዲያው ይጠራ።