መግቢያው ተገኝቷል፣ ገንዘቡ ግን የለም፦ ከሐይቅ ለጻፈችልን የጤና ባለሙያ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ የምሠራ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በ3.4 ተመረቅኩ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አሁን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎኛል። ነገር ግን ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ለመላክ 28,000 ዶላር እንዳለኝ ማስረጃ ጠየቀኝ። ጅዳ ያለው ወንድሜ የቻልኩትን እረዳሻለሁ ብሏል። ደሴ ያገኘሁት ደላላ ደግሞ 150,000 ብር ካመጣሽ ባንክ ስቴትመንቱን እኔ አሠራልሻለሁ፣ ቪዛው ያው ዕድል ነው ይለኛል። ሌላም ችግር አለብኝ። የአባቴ ስም ዲግሪዬ ላይና ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል። ኮስት ሼሪንግም ከፍዬ አልጨረስኩም። ቅበላው እንዳያመልጠኝ ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለሽ። ተረኛ ሆነሽ እያደርሽ፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየጠፋ ማመልከቻ ጨርሰሽ ቅበላ ማግኘትሽ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም አብሽሪ። የጻፍሽልኝ ችግር ሁሉ መፍትሔ አለው። የደላላው መንገድ ግን መፍትሔ አይደለም።

ገንዘቡን አትስጪው። ሕገወጥ መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ ምን እንደሚያስከትልብሽ ብቻ ልንገርሽ። እነዚህ ሰዎች የሌላ ሰው ገንዘብ ለጥቂት ቀን ሂሳብሽ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ካልሆነም ማኅተም ያለበት የሐሰት ወረቀት ያትማሉ። ቆንስላው ግን የጤና ጣቢያ ባለሙያ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ባለፈው ወር ባዶ የነበረ ሂሳብ በአንድ ቀን ሚሊዮኖች ሲገቡበት ከየት እንደመጣ ይጠይቅሻል። የአሜሪካ ሕግ በሐሰት ሰነድ ቪዛ ለማግኘት የሞከረን ሰው በቋሚነት ሊያግድ ይችላል። እንግሊዝም እንዲህ ያለውን አመልካች እስከ 10 ዓመት ድረስ ታግዳለች። በማመልከቻው ላይ የሚፈረመው በአንቺ ስም ነው። የደላላው ስም የትም የለም። ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙትን ልጆች እንዲህ የሚያታልል ሰው በጣም ያናድደኛል።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ቪዛው ቢሳካልሽ የሚመጣው ነው። ኤፍ-1 የሚባለውን የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከካምፓስ ውጭ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። ካምፓስ ውስጥም ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይፈቀድለትም። በዚያ ገቢ የቤት ኪራይ መክፈል ራሱ ይከብዳል፣ የትምህርት ክፍያውማ አይታሰብም። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ መክፈል ሲያቅትሽ ምዝገባሽ ይቋረጣል። ምዝገባው ሲቋረጥ እዚያ የመቆየት ፈቃድሽም አብሮ ያበቃል። ያኔ በሰው አገር ብቻሽን ነሽ፣ ያውም ከነዕዳው። ዩኒቨርሲቲው «ገንዘብ አሳዪ» ያለሽ እዚህ ውስጥ እንዳትገቢ ነው።

«ቪዛው ዕድል ነው» የሚለውንም አትቀበዪው። በኢንተርቪው ቀን ማን እንደሚያናግርሽ መምረጥ አትችዪም፣ ያ እውነት ነው። ዋናው ነገር ግን ኤምባሲ ከመድረስሽ በፊት ያለቀ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው «ይህችን ትምህርት ትወጣዋለች ወይ?» ብሎ ነው። ቆንስላው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ማን ይከፍልልሻል? ይህ ትምህርት ለሥራሽ ምን ይጠቅማል? ስትጨርሺ ምን ልታደርጊ ነው? የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ቢ አመልካቹ እዚያው ሊቀር የሚፈልግ ሰው ነው ብሎ ይነሳል። አለመሆኑን ማሳየት ያንቺ ድርሻ ነው፣ ያውም በጥቂት ደቂቃ። የገንዘቡ ምንጭ እውነተኛና ግልጽ ከሆነ ሌሎቹን ጥያቄዎች ተረጋግተሽ ትመልሻለሽ። የገንዘቡ ነገር የውሸት ከሆነ ግን እውነት የሆነውን ስትናገሪ እንኳ ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ገንዘቡ ይቅደም። አሁን ለያዝሽው ቅበላ ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ቅበላውን ለሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ይቻል እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ትምህርት ክፍሉ ለማስተርስ ተማሪ የረዳትነት ሥራ ወይም የክፍያ ቅናሽ ይሰጥ እንደሆነ። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። መለማመጥ የለበትም። በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ድጋፍ ማግኘት ከዶክትሬት ይልቅ ይከብዳል፣ ስለዚህ ተስፋሽን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣዪ። መልሱ እስኪመጣ ሴቪስ የሚባለውን የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላርም ሆነ የቪዛውን 185 ዶላር አትክፈዪ። ቪዛ ብትከለከዪ 185ቱ አይመለስም።

ባለሽበት ሁኔታ እኔ የምመርጥልሽ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው። ብዙ ልጆች የሌላቸውን ነገር አንቺ ይዘሻል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። ዳድ የሚባለው የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠው ኢፖስ የተባለ ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። የመጨረሻው ዲግሪ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ እንዳይሆንም ይጠይቃል። ሁለቱንም ታሟያለሽ። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርቶችም አሉበት። ለማስተርስ ተማሪ በወር 992 ዩሮ ይከፈላል፣ የጤና መድንም አለው። በራሱ ገንዘብ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ለቪዛው 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት ሂሳብ፣ ማስቀመጥ አለበት። ስኮላርሺፕ ካገኘሽ ግን የዳድ ደብዳቤ በቂ ማስረጃ ነው። የባንክ ስቴትመንት ጭንቀት እዚያው ያበቃል ማለት ነው።

3.4 ያንሰኛል ብለሽ እንዳትሸማቀቂ። ጀርመኖች ውጤትን በራሳቸው ቀመር ይቀይራሉ፤ በእነሱ ዘንድ 1 ትልቁ ውጤት ነው። ከ4.0 ላይ ያንቺን 3.4 ትቀንሺና 0.6 ይቀራል። እሱን ለ2 ታካፍያለሽ፣ ምክንያቱም የእኛ ማለፊያ 2.0 ሲሆን ከ4.0 ጋር ያለው ልዩነት 2 ነው። በ3 አባዝተሽ 1 ስትደምሪበት 1.9 ይመጣል። ብዙ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም ከዚያ የተሻለ ነው የሚጠይቁት።

ቺቭኒንግ የሚባለውን የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕም ሞክሪ። የሚፈልገው 2,800 የሥራ ሰዓት ነው፣ በሙሉ ጊዜ ሥራ ሁለት ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ስትጨርሺ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይዘጋል። የአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ችሎ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቀበላሉ። እዚህ ላይ የሰዓት ነገር አደራ። ዴድላይኑ «12 ሰዓት ቀትር» ከሆነ የእነሱ 12 የእኛ 6 ሰዓት ነው። የአብዛኛው አውሮፓ ሰዓት ከእኛ በአንድ ወይም በሁለት፣ የእንግሊዝ ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር ደግመሽ አስዪው።

አሁን ወደ ሰነዶቹ። አንድ ቀን ፈቃድ ውሰጂና ደሴ ሬጅስትራር ድረስ በአካል ሂጂ። ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስልክ እየደወልሽ ከምትንገላቺ ይሻላል። ለመሠረታዊው ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ስቱደንት ኮፒና ቴምፖ ስካን ተደርጎ ይበቃል። ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ከቅበላ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው ይቸገራል። ከደመወዝሽ በየወሩ እየተቆረጠ ከሆነ መዝገቡ በትክክል መተላለፉን ከምትሠሪበት መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ሰዎች አረጋግጪ። ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ መጨረስም ይቻላል።

የአባትሽ ስም ጉዳይ በወሎ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ነው። «ከድር» አንዱ ጋ በኬ ብቻ ይጻፋል፣ ሌላው ጋ በኬና በኤች። ለእኛ ያው አንድ ስም ነው። ፋይሉን ለሚያየው የውጭ አገር ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። መነሻሽ ፓስፖርቱ ይሁን፣ ምክንያቱም ቪዛው የሚለጠፈው እሱ ላይ ነው። ማመልከቻ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ሪኮመንዴሽን፣ ሁሉም እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። ለዲግሪው ደግሞ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ጠይቂ። የልደት ቀንሽንም አብረሽ እዪው። ነሐሴ 28 ቀን 1992 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2000 ነው የተወለደው። አንዱ ወረቀት ላይ ሳይቀየር ከተጻፈ በስምንት ዓመት ትልቅ ያደርግሻል።

እዚያው እያለሽ የተማርሽው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም አስጽፊ። ይህን የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ብዙዎቹ ስኮላርሺፖች ግን አይኤልትስ ወይም ቶፍል የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና መጠየቃቸው አይቀርም፣ በአይኤልትስ 6.5 ካገኘሽ አብዛኛው በር ይከፈትልሻል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። በ2015 ከተመረቅሽ የአራት ዓመቱን ትምህርት በአምስት ዓመት ጨርሰሽ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። በ2012 ኮሮና መጣ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። እዚያ አካባቢ የተማሩ ልጆች ይህን ዓመት ማመልከቻቸው ላይ ሲደብቁት አያለሁ። አትደብቂው። ፋይልሽን የሚያየው ሰው ስለ ወሎ ምንም ላያውቅ ይችላል፣ ክፍተቱን ሲያይ ኮርስ ወድቃ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ምን እንደተፈጠረ፣ መቼ እንደተመለስሽ፣ የመውጫ ፈተናው በተጀመረበት በ2015 እሱንም አልፈሽ መመረቅሽን። ማዘን አይጠበቅብሽም፣ ማስረዳት ብቻ ነው።

ሞቲቬሽን ሌተሩ ላይ «አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ሁሉም ይህንኑ ነው የሚጽፈው። አንቺ ግን ከተፈናቃይ መጠለያ የሚመጡ እናቶችን በየቀኑ የምታዪ ሰው ነሽ። በጣም ያስቸገረሽን አንድ ነገር ምረጪ። የሕፃናት ምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል፣ ያቋረጠ ክትባት ሊሆን ይችላል። ምን እንደሞከርሽ፣ ምን እንዳቃተሽ፣ የትኛው ኮርስ ያንን እንደሚሞላልሽ ጻፊ። ቆንስላው «ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲልሽም መልሱ ይኸው ነው። ሌላ ነገር መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ሪኮመንዴሽን ስትጠይቂ አስተማሪሽ «ራስሽ ጻፊውና ልፈርም» ሊልሽ ይችላል። በትሕትና እምቢ በዪው። በምትኩ በእሱ ኮርስ የሠራሽውን፣ ውጤትሽንና የመመረቂያ ጽሑፍሽን በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ስጪው፣ ያን ጊዜ ለመጻፍ አይከብደውም። የሚልከው ከግል ኢሜይሉ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል መሆን አለበት። ሁለተኛው ሪኮመንዴሽን ከጤና ጣቢያሽ ኃላፊ ይሁን፣ ራስጌ ባለው ወረቀት፣ ፊርማና ማኅተም ያለው።

ለአይኤልትስም ለቪዛ ኢንተርቪውም አዲስ አበባ መሄድሽ አይቀርም። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ይዘጋል። ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ግቢ። ካልሆነም ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሂጂ።

ለዚህ ነው የወንድምሽ እርዳታ በጣም የሚያስፈልግሽ። 28,000 ዶላር እንዲያሟላ አትጠይቂው። ጅዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ አንቺው ታውቂያለሽ። የፈተናውን ክፍያ፣ የኮስት ሼሪንጉን ቀሪና የአዲስ አበባውን ጉዞ ግን ሊችልልሽ ይችላል። ደውዪለትና ሦስቱን በዝርዝር ንገሪው።