«የመጀመሪያዋ» ካላችሁ በኋላ፦ ዘጋቢ ፊልም ለምትሠሩ ወጣቶች

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፊልም ለመሥራት የተነሣችሁ ልጆቼ፣

ትረካችሁን «በኢትዮጵያ ፖለቲካ የመጀመሪያዋ ሴት» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ከሳቸው በፊት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነግሠዋል። ወይዘሮ ስንዱ የመጀመሪያዋ የሆኑት በሕዝብ ተመርጠው ሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመግባት ነው። ተመልካቹ የነገሩ ክብደት እንዲገባው፣ በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴትም የመምረጥ መብት እንደሰጠ፣ በመስከረም 1950ው ምርጫም ፓርቲ ስላልነበረ እያንዳንዱ እጩ በግሉ እንደተወዳደረ ንገሩት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ሥራው ግቡ። እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚደክሙት «የመጀመሪያዋ» በሚለው ማዕረግ ላይ ሲቀሩ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ምን ገጠማቸው? የፍትሐ ብሔር ሕጉን አውጡ። የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ነው፤ እሳቸው በምክር ቤቱ አባልነት ላይ ሳሉ ማለት ነው። አንቀጽ 635ን አንብቡት፦ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርጋል፣ ሚስት ሕጋዊ የሆነውን ትእዛዙን እንድትፈጽም ያስገድዳል። በፌዴራል ደረጃ የተለወጠው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ አርባ ዓመት ቆይቶ! ካሜራውን በትሪፖድ አቁማችሁ ገጹን ከቅርብ ቅረጹ፣ አንቀጹን አንዲት ወጣት ታንብበው፣ ሙዚቃ አታስገቡ። ከማንኛውም ውዳሴ ይበልጥ ይናገራል። የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ፈልጉ፤ ንግግራቸውን ካገኛችሁ ቃል በቃል አስነብቡ፣ ካላገኛችሁ ለተዋናይት ንግግር አትጻፉላት። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ስለሆኑ ብዙ ሰው ታሪኩን ወደ አባትየው ይጎትተዋል፤ እዚያ ብዙ አትቆዩ።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ብዙ ፊልም አበላሽቷል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ በኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ደግሞ 8 ዓመት ይሆናል። ምርጫው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1957 መጸው ስለሆነ በኛ 1950 ነው። በደፈናው 8 የሚቀንስ ሰው 1949 ይላል፣ ፊልሙም ከራሱ ጋር ይጣላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ቀኖች ከነምንጫቸው በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሩ። ስማቸውንም በመዛግብት ስትፈልጉ «ስንዱ» እና «ሰንዱ» ብላችሁ ሞክሩ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ከዚያም በላይ ይለያያል።

ስለ ወረራው ዘመን ስታወሩ እጃችሁ ወደ ሉቼ፣ ማለትም ወደ ፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት የፊልም ድርጅት፣ ዜና ፊልም ይሄዳል። ያ የወራሪው ካሜራ ያየው ነው። ማን እንደቀረጸው በጽሑፍ ሳታሳዩ አታስገቡት። ወይዘሮ ስንዱ በኢጣሊያ አዚናራ ደሴት እስረኛ ነበሩ፤ በሰልፍ የሚያልፍ የድል ጭፍራ ስለሳቸው እስር ምንም አይነግረንም።

ከቤተሰብ ያገኛችሁትን ፎቶግራፍ በስልክ አታንሱ። 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 2,360 ፒክስል ይሰጣል፤ ለኤችዲ ይበቃል፣ 3,840 ለሚፈልገው ፎርኬ ግን አይበቃም፤ በ1,200 አድርጉት። ጥራቱን በማይቀንሰው የምስል ፋይል ዓይነት፣ በቲፍ (TIFF)፣ አስቀምጡ። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈች ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ናት። ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፣ ፊቱ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ከነመስተዋቱ፣ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ አንሱት።

እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በወይዘሮ ስንዱ አስተዳደር የተማሩ እናቶች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ቀድማችሁ እነሱን ቅረጹ፣ መዝገቡ ይቆያል። በጠዋት ሂዱ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አታድክሟቸው። ድምፁ እንዳይገባባችሁ ፍሪጁን አስፈቅዳችሁ ንቀሉ፤ ስትወጡ መልሳችሁ መሰካታችሁን አትርሱ። በሐምሌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀጠሮ አትያዙ። የምትቀርጹት ድምፅ ከፍ ሲልም በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከ-12 ዲሲቤል (ከዜሮ በታች 12) አይለፍ፤ በመጨረሻም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፣ ኤዲት ስታደርጉ መገጣጠሚያውን የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው። «ምን ተሰማዎት?» አትበሉ። «እማማ፣ ጠዋት በሰልፍ ላይ የት ይቆሙ ነበር? ምን ለብሰው?» በሉ። አንድ ነገር በዓይናቸው ሲመጣ ሌላው ይከተላል።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ምክር ቤት የገቡት በአባታቸው ስም ነው የሚባለው እውነት አይደለም» የሚለውን ሦስት ቃል ቀድሞ የቆረጠ ኤዲተር ሐሜቱን አጸደቀው። ስለዚህ ቆረጣችሁን ሁልጊዜ ግሱ ካለቀ ግማሽ ሰከንድ በኋላ አድርጉ። በውጭ ላደጉት ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስታስገቡም ተርጓሚው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ይስማ፤ ከሁለት መስመር አታስበልጡ።

በትረካው አንቱታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠብቁ። አንዴ «እሳቸው» አንዴ «እሷ» እያላችሁ አትዋዥቁ፤ ወንዶቹን ሚኒስትሮች «እሳቸው» እያሉ ወይዘሮ ስንዱን ብቻ «እሷ» ማለት ደግሞ በደል ነው።

ሲያልቅ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቃላቸውን ለሰጡት እናቶች ቤታቸው ሄዳችሁ አሳዩ። ድምፁን ከፍ አድርጉላቸው፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። የስም፣ የቦታና የዝምድና ስሕተት የሚያርሙት እዚያ ነው።