በወረዳ 6 ሺህ፣ በተግባር 9 ሺህ፦ ሁለት ዋጋ ያለው የቤት ኪራይ ውል

ጥያቄ፦ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ኮተቤ አካባቢ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን በዚያው ግቢ በዋናው ቤት ይኖራሉ። የገባነው በጥር 2017 ሲሆን ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ወረዳ ሄደን አስመዝግበነዋል። በውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይ 6 ሺህ ብር ነው። የምንከፍለው ግን 9 ሺህ ነው፤ 6 ሺሁን በባንክ፣ 3 ሺሁን በእጅ። ግብር እንዳይበዛባቸው ብለው ለምነውን ነው የተስማማነው። አሁን «ከሚመጣው ወር ጀምሮ 13 ሺህ ክፈሉ፤ ካልሆነ ልጄ ሊያገባ ስለሆነ በወር ውስጥ ልቀቁልኝ» አሉን። አንችልም ካልናቸው ወዲህ ውኃው አልፎ አልፎ ብቻ ይለቀቅልናል፤ መብራቱም ማታ ማታ ከእሳቸው ቆጣሪ ላይ ይጠፋብናል። ልጃቸው ደግሞ ቁልፉን እቀይራለሁ እያለ ነው። ባለቤቴ ኪራዩን መክፈል እናቁም ይላል። እኔ ግን እትዬ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና መካሰሱ ከብዶኛል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ኪራዩ መቋረጥ የለበትም። አሁን ባለው ሁኔታ እናንተን ለማስወጣት አከራይዋ በእጃቸው ያለው ምክንያት ደካማ ነው። ኪራይ ባለመክፈል ግን እናንተው ጠንካራ ምክንያት ትሰጧቸዋላችሁ። ስለዚህ በውሉ ላይ የተጻፈውን 6 ሺህ ብር ቀኑ ሳያልፍ በባንክ ያስገቡ፤ በክፍያ ምክንያቱ ቦታም የየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነ ይጻፉ። አካውንታቸውን ቢዘጉ ወይም «አልቀበልም» ቢሉስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1779 ጀምሮ ገንዘብ ጠያቂው ያለ በቂ ምክንያት ክፍያ አልቀበልም ሲል ባለዕዳው ምን ማድረግ እንደሚችል ይደነግጋል። ገንዘቡን ፍርድ ቤት በሚወስነው ቦታ በማስቀመጥ ካለመክፈል ወቀሳ መዳን ይቻላል።

ወደ 13 ሺሁ እንምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ በፈለገው ጊዜና መጠን ኪራይ መጨመር አይችልም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ሰኔ 30 ይፋ ከሚያደርገው ማለፍ የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው የቤቶች ልማትና አስተዳደር መዋቅር ነው። ወረዳችሁ ሄደው ለዘንድሮ የተፈቀደ ጭማሪ ካለ ይጠይቁ። ካለ በ6 ሺሁ ላይ አስልተው ይክፈሉ፤ ከሌለ የቀድሞው ዋጋ ይቀጥላል። በዓመቱ መካከል «ከሚመጣው ወር ጀምሮ» ተብሎ የተነገረ፣ በውሉ ላይ ካለው 6 ሺህ ከእጥፍ በላይ የሆነ ዋጋ ግን በዚህ አዋጅ ፊት ቦታ የለውም።

«በወር ውስጥ ልቀቁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም ይላል። የእናንተ ውል እስከ ጥር 2019 የጸና ነው። ከዚያ በፊት አከራይ ውል ሊያቋርጥ የሚችለው በዋናነት ተከራዩ ሲያጠፋ ነው፤ ኪራይ ሳይከፍል ሲቀር፣ ቤቱን ሲያበላሽ፣ ለመኖሪያ የተከራየውን ለሌላ ዓላማ ሲያውል። የልጃቸው ጋብቻ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለወግ ማዕረግ ያብቃው እላለሁ፤ የሁለት ዓመቱን ዘመን የሚሰብር ምክንያት ሆኖ ግን አላየሁትም። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ 13 ሺህ ከከፈላችሁ ሙሽራው ቤት አያስፈልገውም ማለት ነው። ይህን አነጋገር በጽሑፍ ወይም በምስክር ፊት ከደገሙት እውነተኛ ምክንያታቸው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ይጠቅማችኋል።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወዳለፉት፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ እንለፍ፤ ሁለቱ ዋጋ። ይህ ልማድ ከተማው ውስጥ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብር ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ይደርሳል፣ የተመዘገበ ውል ደግሞ ለግብር ሰብሳቢው የሚታይ ሰነድ ነው። ተከራዩም ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ይፈርማል። ችግር እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ወገኖች የተጠቀሙ ይመስላቸዋል።

ችግሩ ሲመጣ ሕጉ የሚያየው የተጻፈውን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 መሠረት የጽሑፍ ሰነድ በተፈራራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነት ሙሉ እምነት ይጣልበታል። አከራይዋ «ውሉ ላይ 6 ሺህ ቢልም ስምምነታችን 9 ሺህ ነበር» ብለው ልዩነቱን ለማስከፈል ቢከሱ፣ የራሳቸውን ፊርማ መቃወም ይኖርባቸዋል፤ ከዚያም በላይ ለመንግሥት ያሳወቁት ዋጋ ሐሰት እንደነበር በራሳቸው አንደበት ይመሰክራሉ። በዚህ መንገድ የሚሄድ አከራይ ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ 3 ሺሁን ከእንግዲህ የመክፈል የሕግ ግዴታ የለባችሁም ባይ ነኝ። አዋጁም ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ያዛል፤ በእጅ የሚሰጠው ብር ከዚህም ውጪ ነው።

እስካሁን የከፈልነውስ ይመለስልናል ወይ ካሉኝ፣ ተስፋ አልሰጥዎትም። አንቀጽ 2178 የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ተከታዩ አንቀጽ ግን ግዴታ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለን ሰው አይጠብቅም። እናንተ ደግሞ እያወቃችሁ ነው የከፈላችሁት። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም። በዚያ ላይ ሐሰተኛውን ዋጋ ወረዳ ፊት ቀርቦ የፈረመው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ክሱ የእናንተንም ፊርማ ጠረጴዛ ላይ ያመጣል። እኔ ብሆን ያለፈውን ትቼ ወደፊት ያለውን ብቻ አስከብር ነበር። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እመክራለሁ፤ «ገቢዎች ሄጄ እነግርብዎታለሁ» የሚል ዛቻ ከአፋችሁም ከስልካችሁም እንዳይወጣ። መጠቆም ከፈለጋችሁ መጠቆም መብታችሁ ነው፤ ጥቆማን ለመደራደሪያ ማስፈራሪያ ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ውኃና መብራት መዝጋት በጉልበት ማስወጣት ነው፤ ስሙ ብቻ ይለያል። አከራይ ቤቱን ካስረከበ በኋላ ተከራዩ በሰላም እንዲጠቀምበት የማድረግ ግዴታ አለበት። ቁልፍ መቀየሩ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። የተከራያችሁት ቤት መኖሪያችሁ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን አለመደፈር ሲጠብቅ ባለቤትና ተከራይ ብሎ አልለየም። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው መኖሪያ መግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ያስጠይቃል። ልጃቸው እንደዛተው ቁልፉን ከለወጠ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። በፍትሐ ብሔር በኩልም አንቀጽ 1149 ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለት፣ ሁከቱም እንዲወገድለት እንዲከስ ይፈቅዳል። ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ እናንተ ግን ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ።

ማስረጃው ላይ ብልህ መሆን ያስፈልጋል። አከራይዋ ፍርድ ቤት ቀርበው «የከተማው ውኃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም በየሰፈሩ ይጠፋል፣ እኔ ምን አደረግሁ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ዳኛ የሚያሳምን መልስ ነው። ስለዚህ የእናንተ ቧንቧ ደረቅ መሆኑን ማሳየት አይበቃም። በዚያው ሰዓት የእሳቸው ቧንቧ ወይም የጎረቤት ቧንቧ ውኃ እንደነበረው፣ ዋናው ቤት መብራት በርቶ የእናንተ ክፍል ብቻ ጨለማ እንደነበር በፎቶና በቪዲዮ ያዙ። ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ጻፉ። አይተው የሚመሰክሩ ጎረቤቶች ካሉ ከአሁኑ አነጋግሩ። የውኃና የመብራት ድርሻችሁን የምትከፍሉበትንም መንገድ ወደ ባንክ አዙሩት፤ «ሒሳብ ስላልከፈሉ ነው የዘጋሁት» የሚለው ሰበብ በር ያጣል። ባለቤትዎ ተናደው ሮቶውን ራሳቸው ሊከፍቱ ወይም ቆጣሪው ላይ እጃቸውን ሊያሳርፉ ቢነሱ ግን ይከልክሏቸው።

ከዚያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጧቸው። አጭር ይሁን፤ የውሉ ቀንና ዘመን፣ በውሉ መሠረት እየከፈላችሁ መሆኑ፣ ውኃና መብራቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲስተካከል የምትጠይቁ መሆኑ። ስድብም ልመናም አይግባበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ደብዳቤው ለዚህም ያገለግላል። ቅጂውን ይዛችሁ ወረዳው ላይ ውሉ ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቅርቡ። ነገሩ በዚያ ካልተቋጨ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄዱ ከዋናው ክስ ጋር የጊዜያዊ እግድ ማመልከቻ አያይዙ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል። ያለ እግድ የሚደረግ ክርክር ለወራት በጨለማ መቀመጥ ሊሆን ይችላል።

መካሰስ እንደከበደዎት ጽፈዋል። ይገባኛል፤ በአንድ በር እየወጡ እየገቡ መካሰስ ቀላል አይደለም። ሽምግልና ከመብት መውረድ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሚያከብሯቸውን የሰፈር ሰው ወይም የዕድራቸውን ሰብሳቢ ይላኩ። ነገር ግን ሽማግሌ ተልኳል ተብሎ ደብዳቤውም ሆነ የወረዳው አቤቱታ አይዘግይ፤ ሽማግሌዎቹም እጃቸው ላይ ወረቀት ሲኖር የበለጠ ይደመጣሉ።

ምናልባት ሽማግሌዎቹ «ከምትጨቃጨቁ በስምምነት ልቀቁላቸው» ይሉ ይሆናል። ይህን ከመረጣችሁ ነፃ ስጦታ አታድርጉት። ልጆቻችሁ ትምህርት ላይ ናቸውና ቢያንስ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ጊዜ ጠይቁ። የከፈላችሁት ቅድመ ክፍያ ካለ ተመላሽ የሚሆንበት ቀንና የዕቃ ማጓጓዣው ወጪ የማን እንደሆነ ይጻፍ። እስክትወጡ ድረስ ውኃና መብራት እንደማይቋረጥም እንዲሁ። ስትወጡ ቤቱን በምን ሁኔታ እንዳስረከባችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቁልፉን የተቀበሉበትን ወረቀት በሁለት ምስክሮች ፊት አስፈርሙ። በመጨረሻም ሁለታችሁም ወረዳ ቀርባችሁ የተመዘገበውን ውል አሰርዙ፤ ካልተሰረዘ እናንተ ሌላ ቤት ገብታችሁም በወረዳው መዝገብ የእሳቸው ተከራይ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ።