ጆሮዬን ልናገር ወይስ ልደብቅ?

ከደሴ የጻፍሽልን እህታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አካውንቲንግ ተመርቀሻል። ቀኝ ጆሮሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ይፈሳል፤ አሁን በእሱ በኩል የምትሰሚው ትንሽ ነው። ግራውም እየቀነሰ መጥቷል። ባንክ ለትሬኒነት ተወዳድረሽ የጽሑፍ ፈተናውን አለፍሽ። ኢንተርቪው ላይ ግን «ሥራ መቼ መጀመር ትችያለሽ?» ሲሉሽ «3.4» ብለሽ መለስሽ። ውጤትሽን የጠየቁሽ መስሎሽ ነው። ሳቁ፤ አንቺም አብረሽ ሳቅሽ፤ መልሰው አልደወሉልሽም። አሁን ሌላ ድርጅት ጠርቶሻል። ወንድምሽ «ዝም ብለሽ ግቢ» ይልሻል። እናትሽም ብትናገሪ ማንም አይቀጥርሽም ብለው ሰግተዋል።

እኔ ተናገሪ ነው የምልሽ። ጊዜውን ግን ምረጪ። ሲቪሽ ላይ መጻፍ አይጠበቅብሽም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ሁለት ጥያቄ ካመለጠሽ በኋላ ብትናገሪ ደግሞ ሰበብ ይመስላል። ከተጠራሽ በኋላ፣ ከመግባትሽ በፊት፣ ቀጠሮ ለሰጠሽ የሰው ኃይል ሠራተኛ እንዲህ የሚል ቴክስት ላኪ፦

«ለቃለ መጠይቅ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀኝ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ጠያቂዎቹ ፊት ለፊቴ ቢሆኑና ተራ በተራ ቢያናግሩኝ ያለ ችግር መመለስ እችላለሁ። በተባለው ሰዓት እገኛለሁ።»

በቃ። ይቅርታም የልጅነት ታሪክም አያስፈልገውም። ያነበበው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ወንበር ማዞር ማንንም አያስቸግርም።

ስለ ሐቀኝነት ልሰብክሽ አይደለም። መደበቁ ስለማያዋጣ ነው። ጥያቄው ሳይሰማሽ ራስሽን ብትነቀንቂ፣ ጠያቂው «ጆሮዋ ነው» አይልም። «አልገባትም» ይላል፤ ወይም «ትኩረት የላትም»። እነዚህ ከጆሮ ድካም የባሱ ስሞች ናቸው። ደግሞም ብዙ መሥሪያ ቤት ከመቅጠሩ በፊት የጤና ምርመራ ማስረጃ ይጠይቃል። የወንድምሽ ዕቅድ እዚያ ላይ ይፈርሳል።

ሕጉንም እወቂው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ነው። የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር በጉዳት ምክንያት ሰውን ከውድድር ማስቀረት አድልዎ ነው ይላል። አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻችም ያስገድዳል። ክስ ከመጣ አድልዎ አለማድረጉን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ እንደማይወርድ አንቺም እኔም እናውቃለን። ኢንተርቪው ላይ አዋጅ እየጠቀስሽ አትግቢ፤ አንብበሽው ግን ግቢ።

ከኢንተርቪውም በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር አለ። እስካሁን ጆሮሽን አልተለካሽም። «ትንሽ እሰማለሁ» ማለት ለሐኪምም ለቀጣሪም ምንም አይነግርም። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂና የመስማት ምርመራ ጠይቂ። እዚያው መለኪያው ከሌለ ሪፈር አጽፊ፤ አዲስ አበባ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአንገት በላይ ክፍል አለው። የምርመራው ወረቀት ግራፍ ነው። ቀይ ክቡ ቀኝ ጆሮሽ፣ ሰማያዊው ኤክስ ግራሽ ነው። ምልክቶቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እንዲሰማሽ የሚያስፈልገው ድምፅ እየጎላ ይሄዳል። ኮፒውን ሳትይዢ አትውጪ።

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂው፤ ችግሩ ከታምቡሩና ከመካከለኛው ጆሮ ነው ወይስ ከውስጠኛው ነርቭ? ለዓመታት የሚፈስ ጆሮ ብዙ ጊዜ ታምቡሩ ተበስቷል። እሱ በቀዶ ሕክምና ሊደፈን ይችላል፤ መስማትም ሊሻሻል ይችላል። ነርቭ ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፤ ያኔ ወሬው ስለ መስሚያ መሣሪያ ይሆናል። መልሱን ሳታውቂ «ይህን ሙያ ልተወው?» ብለሽ አትወስኚ። መሣሪያ ከታዘዘልሽም በምርመራሽ ልክ የተስተካከለ ይሁን። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ድምፅ ማጉያ የሰውንም የጄኔሬተርንም ድምፅ እኩል ነው የሚያጎላው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ባንክ ውስጥ ላንቺ ከባዱ ቦታ የቴለር መስኮት ነው። መሃል ላይ መስታወት አለ። ጎንሽ የብር መቁጠሪያው ማሽን ይንጫጫል። ደንበኛው አንገቱን ደፍቶ ቦርሳውን እየፈተሸ ያወራል። «ሰላሳ ሺህ» እና «ስልሳ ሺህ» በዚያ ጫጫታ ውስጥ ለደህና ጆሮም ይምታታሉ፤ ጉድለቱ ደግሞ ከደሞዝሽ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ እዚያ ቢመድቡሽ «ገንዘቡን በጽሑፍ ሳላይ አልሠራም» የሚል የራስሽ ደንብ ይኑርሽ፤ ማስገቢያና ማውጫ ቅጹም ለዚሁ ነው። ከተቻለ ግን ከጅምሩ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ደሞዝ፣ ግብርና ውስጥ ኦዲት ላይ እንዲመድቡሽ ጠይቂ። በድርጅት ፋይናንስ ክፍልም ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር በደንብ የሚሠራና በአይ ኤፍ አር ኤስ (በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ይፈለጋል። እነዚህ በዓይንና በጥንቃቄ የሚሠሩ ናቸው። ጓደኛሽ ያለችሽን የኮል ሴንተር ሥራ ግን፣ ደሞዙ ጥሩ ቢሆንም፣ እለፊው። ቀኑን ሙሉ በቀረሽ ጆሮ ላይ ሄድፎን ደፍተሽ መዋል ለዛሬ ብር ነገን መሸጥ ነው።

ኢንተርቪው ክፍል ስትገቢ በግራሽ በኩል እንዲሆኑልሽ ተቀመጪ። ጠያቂዎቹ ከጀርባቸው መስኮት ካለ ፊታቸው ይጨልምብሻል፤ ከንፈር ማየት አትችይም። ወንበርሽን ትንሽ ማዞር ትችያለሽ፤ ማንም አይቆጣሽም። ካልሰማሽ «እ?» ወይም «ምን አሉኝ?» አትበይ፤ እንደዚያ ሲባሉ ሰዎች ያንኑ በጩኸት ይደግሙታል። የሰማሽውን ይዘሽ ጠይቂ። «ስለ ዲፕሪሲዬሽን ነው የጠየቁኝ፣ የትኛውን ዘዴ እንደምመርጥ?» ያኔ ጠያቂው የጎደለውን ብቻ ይሞላልሻል። እንዲያውም ጠንቃቃ ባለሙያ ያስመስልሻል። ስልክሽ ላይ የጎግልን ላይቭ ትራንስክራይብ ብትጭኚ የሚነገረውን አማርኛ ወደ ጽሑፍ ይቀይርልሻል። ጫጫታ ውስጥ ይሳሳታል፤ ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ግን ለስብሰባ ይረዳሻል።

አሁን ስለ ጆሮሽ፣ እንደ ታላቅ ልቆጣሽ። ጤና አዳም ጨምቆ ጆሮ ውስጥ ማንጠባጠብ ይቁም። እናትሽ በደግነት ነው የሚያደርጉት፤ ግን ታምቡሩ ከተበሳ የሚንጠበጠበው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ክብሪትም፣ የፀጉር መርፌም፣ ኮተን በድም አታስገቢ። ገላሽን ስትታጠቢ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮሽ አፍ ላይ አድርጊ፤ የሚፈስ ጆሮ ጠላቱ ውሃ ነው። መፍሰስ በጀመረ ቁጥር ፋርማሲ ሄደሽ ጠብታ በራስሽ አትግዢ። ለሌላ ሕመም መርፌ ሲታዘዝልሽም ስለ ጆሮሽ ንገሪያቸው። ጄንታማይሲንን የመሰሉ አንዳንድ መድኃኒቶች የመስማት ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ።

በታክሲ ስትሄጂ ግራ ጆሮሽ ላይ ኢርፎን እንደምታደርጊ ጽፈሽልኛል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ድምፅን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አታዳምጡ ይላል። ይህ ሁለት ጤነኛ ጆሮ ላለው ሰው ነው። የታክሲ ጫጫታን ለመሸፈን የምትከፍቺው ድምፅ ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ይበልጣል። ታክሲ ውስጥ ባታደርጊው እመርጣለሁ።

ቴክስቱን ቢያንስ ከቀጠሮሽ ሁለት ቀን በፊት ላኪው፤ ጠዋቱን ከሆነ ማንም አያየውም። የምርመራው ወረቀት ሲወጣ ስምሽንና የካርድ ቁጥርሽን ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ። ሐኪሙ ያለሽንም አብረሽ ጻፊልኝ። የትኛው የሥራ ማስታወቂያ ላይ ማመልከት እንዳለብሽ ያኔ አብረን እናያለን።