ተውሳከ ግስን ለምታስተምሩ ልጆቼ

ዘንድሮ የመጀመሪያ ክፍላችሁን ለተረከባችሁ ወጣት አስተማሪዎች ነው የምጽፈው። ድሬዳዋ አንደኛ ደረጃ ላይ አማርኛ ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው። ለዓመታት ካበላሸኋቸው ትምህርቶች አንዱ ተውሳከ ግስ ስለሆነ ዛሬ ስለሱ ብቻ ላውራችሁ።

ያበላሸሁት በፍቺ ጀምሬ ነው። ሰሌዳው ላይ “ተውሳከ ግስ ግስን የሚያብራራ ቃል ነው” ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበነቡት፣ እኔም ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ “እስቲ አንድ ምሳሌ” ስላቸው ጸጥ። “ተውሳክ” ግዕዝ ነው፣ ጭማሪ ማለት ነው። ይህቺን እንኳ አልነገርኳቸውም ነበር።

መላውን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው። አንድ ባጃጅ ሲከንፍ አንዲት እናት “ቀስ በል አቦ!” ብላ ጮኸችበት። የድሬ ልጅ ይህን በቀን ስንቴ ይሰማዋል! በነጋታው አንዱን ልጅ አስነሳሁና “ወደ በሩ ሂድ” አልኩት። ሄደ። “አሁን ቀስ ብለህ ሂድ።” “እየሮጥክ ሂድ።” “ተኩራርተህ ሂድ።” መጨረሻው ላይ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲንጎራደድ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። “ሁሌም ‘ሂድ’ ነው ያልኩት፣ ታዲያ ምኑ ተለየ?” ስላቸው አንዱ ከኋላ “አካሄዱ ነዋ ቲቸር!” አለኝ። የእኔን ፍቺ ከሰሌዳው አጠፋሁት።

ይህን ጨዋታ ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት በኋላ በድሬ ሙቀት ልጅ አስነስቶ ማስሮጥ ግፍ ነው። ደግሞ ክፍላችሁ ውስጥ ኦሮምኛና ሶማልኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አሉ። “ቀስ” ስትሉ አንዱ “ሱታ”፣ ሌላዋ “ታርቲብ” ብትላችሁ አትቆጡ። ጎን ለጎን ጻፉላቸው። ቤታቸው የሚያውቁት ነገር መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል።

አስቸጋሪው ቦታ ቅጽል ነው። ልጁ “ፈጣን ልጅ” የሚለውን ያውቃል፣ ስለዚህ “ፈጣን ሮጠ” ብሎ ይጽፋል። “በፍጥነት ሮጠ” በለው። ግን ወዲያው “ጥሩ ልጅ” እና “ጥሩ ዘፈነች” ይመጡባችኋል፤ “ጥሩ” ምንም ሳይለወጥ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። “ክፉ” ግን “ክፉ ሰው” ካለ በኋላ “ክፉኛ ታመመ” ይሆናል። እንግዲህ ልጁ የቃሉን መልክ እያየ ከሸመደደ ጠፋ ማለት ነው። ቃሉ የማንን ሥራ እንደሚያግዝ ይፈልግ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ፍለጋው ቀላል ነው፤ ከኋላ ጀምሮ ግሱን ይያዝ፣ ከዚያ “እንዴት? መቼ? የት?” እያለ ወደፊት ይሂድ።

አንዴ አንዷ ተማሪ “ቲቸር፣ ‘ሮጦ መጣ’ ላይ ‘ሮጦ’ ራሱ ግስ አይደለም እንዴ?” ብላ ያዘችኝ። “ዝም በይ፣ ተውሳከ ግስ ነው” ልላት ምንም አልቀረኝ። እውነቱን ነገርኳት። አዎ፣ ግስ ነው፤ እዚህ ግን አመጣጡን ይነግረናል። እንደ “ቶሎ”፣ “ገና”፣ “ክፉኛ” ያለው ከጥንቱም ተውሳከ ግስ የሆነ ቃል በአማርኛ ጥቂት ነው። ሌላውን ከስም ፊት “በ” እየጨመርን፣ ግስ እየተዋስን፣ ቃል እየደጋገምን እንሞላዋለን። እንግሊዝኛ የምታስተምሩም ብትሆኑ መጨረሻው ላይ “ሊ” ያለው ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው አትበሉ። “ፍሬንድሊ” ቅጽል ነው፤ “ፋስት” ደግሞ ያለ “ሊ” ሁለቱንም ይሆናል።

ለ“መቼ” ሩቅ አትሂዱ። “ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ” በሉ። ከተማው ከባቡሩ ጋር እንደተወለደ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። “መቼ ደረሰ?” ሲባል መልሱን ራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያወጣዋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ትምህርት ሲከፈት ጥቂት ሳምንት ቆይቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ “ባዶ ቦታውን ‘እንዴት’ን በሚመልስ ቃል ሙሉ። ውሃ ____ መጣ።” እኔ ያሰብኩት የቧንቧውን ነበር። ብዙዎቹ “ቀስ ብሎ”፣ “በኃይል” ብለው ሞሉ። አንዷ “በሌሊት” ብላ ጻፈች። “በሌሊት” “መቼ”ን እንጂ “እንዴት”ን አይመልስም ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። ደብተር ሳድል አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና “ቲቸር፣ ቤታቸው እኮ ደቻቱ ዳር ነበር” አለኝ።

ደብተሩን መልሼ ተቀበልኳት። ቀይ ቀለም በላጲስ አይጠፋም። ጎኑ ላይ ራይት አድርጌ ሰጠኋት። አየችውና ምንም ሳትል ደብተሯን ከደነችው።